አረንጓዴው ጓንት

በኮትካ ወደብ ባሕሩ በረዶ ሲሠራ፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ እደረድራለሁ ወንበር በተራ።
የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛም፣ ቁልፍ ያዥም፣ ሻይ አፍይም እኔ ነኝ፤
ዘጠኝ ቅጽ የልጆች መጽሐፍ ነው በዚህ ዕድሜዬ ከቤቴ የለየኝ።

ደራሲዋ ሞታለች። ዐሥረኛው አልተጻፈም።
የቋጠረችውን ማንም ፈትቶ አላለፈም።
በአራተኛው ቅጽ፣ በጀልባ ቤቱ በር እጀታ ላይ፣
አንድ አረንጓዴ ጓንት ተንጠልጥሏል፣ የግራ እጅ፣ ባለቤቱ ሳይታይ።
በዘጠነኛው፣ ገጽ ስልሳ ሦስት፣ በአንዲት አጭር መስመር፦
«ጓንቱ የለም።» አለቀ። ቀጥሎ ስለ ዓሣ ሾርባ ነው ነገር።

በዚህች መስመር ነው እንግዲህ ሃያ ክረምት የፈጀነው፣
እንደ መዝሙር በቃል የያዝነው፣ እንደ ሕልም የፈታነው።

ታይስቶ ይነሣል፣ የጎታች መርከብ ካፒቴን የነበረው፣
ድምፁ ዛሬም ከማዕበል ጋር የሚሟገት የመሰለው፦
«የአጎትየው ነው! ቀኝ እጁን ሰንሰለት ቆርጦታል፤
አንድ እጅ ላለው ሰው አንድ ጓንት ይበቃዋል።
አልሰመጠም! ወደ ስዊድን ተሻግሮ ሚስት አግብቷል።»

ኦርቮኪ፣ ጥርስ ሐኪሟ፣ መነጽሯን ትወለውላለች፣
በጥርስ መካከል እንደምትፈልግ በቃል መካከል ትፈልጋለች፦
«ሳህኑን ቁጠሩ። ስድስተኛው ቅጽ፣ እራት ላይ።
አምስት ሰው ተቀምጦ ስድስት ሳህን የሚቀርበው በምን ጉዳይ?
እናትየው አልሞተችም። ምድር ቤት ናት። ቁልፉም አላት።
ባሏ ብቻ ነው የቀበራት።»

ወጣቱ ያልማሪ ሁሉንም ድመቷ ላይ ይደፈድፋል፦
«ዘጠኝ ነፍስ፣ ዘጠኝ ቅጽ፤ ቁጥሩ ይገጥማል።
ታሪኩን የምታልመው እሷ ናት። ለድመት ጓንት ምን ያደርግላታል?»

እንጣላለን። ደብተር ጠረጴዛ ላይ ይወረወራል።
አንዴ በአንድ ነጠላ ሰረዝ ሁለት ወር ተኳርፈናል።

ባለፈው ሐሙስ፣ ከማሞቂያው ጎን፣ ከሚቀመጥበት፣
አልቫር ተነሣ፣ ቃል ሰምተን የማናውቅበት።
ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ድሮ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ፣
ጣቱ እስካሁን እርሳስ የሚሸት፣ ጆሮው ግማሽ ሰሚ።
«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ጓንቱን ያጠፋሁት።
ከረቂቁ አንድ ቅጠል ነበር፤ ሻይ ደፋሁበት።
ቀለሙ እንዳለ ፈሰሰ። ሌሊት ነው፤ ማሽኑ ይጠብቃል።
ደራሲዋን ቀስቅሼ ልንገራት? እንጀራዬ ይቆረጣል።
ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። የላዩን ከታቹ ገጣጠምኩ።
እሷም አላየችም፣ ወይ አይታ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ።»

«የማን ነበር ታዲያ?» አልነው ሁላችን በአንድ አፍ።
«እኔ ፊደል ነው የምለቅመው» አለ፣ «አላነብም መጽሐፍ።»

ዝምታ። ከመስኮቱ ወዲያ በረዶ ሰባሪው መርከብ ያቃስታል።
ታይስቶ ጉሮሮውን ጠረገ፦ «ደካማ መላምት። ማስረጃ ይጎድለዋል።»
ኦርቮኪ በቀይ ጻፈችው፣ ቁጥር አርባ አንድ፣ «አጠራጣሪ» ብላ፤
አልቫርም ዕዳውን ከፍሎ ደረሰኝ እንዳጣ ሰው፣ ተቀምጦ ብስኩቱን በላ።

ከዚያ ሄልካ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ፣ ዘጠኝ ነው ዓመቷ፣
ገና ሦስተኛው ቅጽ ላይ ናት፣ ከወንበሩ ወለል አይደርስም ቁመቷ፦
«ያ ሰውዬ» አለች፣ «ጓንቱ የጠፋበት፣
እጁን አልበረደውም? ማን አሞቀለት?»

አርባ አንድ መላምት፣ ሃያ ክረምት ሙሉ፣
ስለ እጁ አልነበረም አንዱም ቃሉ።
ታይስቶ የገዛ መዳፉን ገልብጦ አየ።
ከዚያ ኮቱን ፈለገ፤ ጉባኤው ተለያየ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ ወንበር ሳነባብር፣
ማሞቂያው ሥር አንዲት የልጅ ጓንት፣ ግራጫ፣ አውራ ጣቷ ላይ የላላ ክር።
አረንጓዴ አይደለችም። ይህን እመሰክራለሁ።
በሩ እጀታ ላይ አንጠለጠልኳት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ቆልፌ ወጣሁ።

ጠዋት የለችም።
በከተማው ነፋስም አለ፣ ውሻም አለ፣ እጁ የበረደው ሰውም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሄልካ ሁለት እጇን ኪሷ ከትታ ገባች፣
ከአልቫር ጎን ተቀመጠች።
ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ።
ሻዩን ቀዳሁ። «ቁጥር አርባ ሁለት» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩ።